ኑሮ ሲወደድ ቤት ውስጥ ምን ይበላ? ባህር ዳርና ጣና ዳር ላለን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈር ውስጥ ቡና ላይም ገበያም ላይ ደጋግመው የሚነሱትን ነው የሰበሰብኩት፤ ዋጋ አልጻፍኩም፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚቀያየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

ጤፍ ከአቅማችን በላይ ሆነ፣ እንጀራ በምን እንጋግር?

በዳጉሳ፣ በሩዝ፣ በበቆሎ፣ በማሽላ። ዳጉሳና በቆሎ ከሜጫና ከአቸፈር ይመጣል፣ ሩዝ ደግሞ ከፎገራ፣ የፎገራዋ ወረታ ከተማ ከኛ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ናት። ቅርብ የበቀለ እህል የጭነት ወጪው ያንሳል፣ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ወይም መንገድ በተዘጋ ጊዜ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዘይቱም ነዳጁም ማዳበሪያውም እንዴት እንደወጣ ሁላችንም አይተናል፣ እና ከሩቅ በሚመጣ ነገር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቤት ቶሎ ነው የሚጎዳው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ የምለው አለ፣ ጤፉን ቀንሱ ወጡን ግን አትቀንሱ። ብዙ ቤት የሚደረገው ግልባጩ ነው፣ ነጭ ጤፍ እንዳይቀር ሲባል ሽሮው እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ልጆቹ ሆዳቸው ሞላ እንጂ ሰውነታቸው የሚያድግበት ነገር አላገኙም ማለት ነው። ከጤፍ የተረፈችውን ብር ጥራጥሬ ላይ፣ ጎመን ላይ፣ ከተገኘም ለልጅ እንቁላል ላይ አውሏት።

ከጤፍ ጋር ስንት ለስንት ነው የሚደባለቀው?

ዳጉሳ እኩል ለእኩል ይሄዳል፣ እንዲያውም ጎጃም ገጠሩ ውስጥ ዳጉሳው በልጦ ነው የሚጋገረው፣ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ነው ጠቆር የሚለው። ሩዝ ለጀማሪ ሁለት እጅ ጤፍ አንድ እጅ ሩዝ ይሁን፣ እጃችሁ ሲለምድ እኩል ማድረስ ይቻላል። በቆሎ ግን ከሲሶ ባያልፍ ጥሩ ነው ምክንያቱም እንጀራው በማግስቱ ይደርቅና ይሰባበራል፣ ዱቄቱም ደቀቅ ብሎ ካልተፈጨ አይኑ አይወጣም። ማሽላ ነጩ ከተገኘ እስከ ግማሽ።

የሩዝ እንጀራ ጠዋት ቆንጆ ሆኖ ማታ እንደ ወረቀት ሆነብን የሚሉ ብዙ ናቸው። መላው አብሲቱ ላይ ነው፣ አብሲት በደንብ በስሎ ገንፎ መሰል እስኪሆን ድረስ መቆየት አለበት፣ መጠኑንም ለንጹህ ጤፍ ከምታደርጉት ከፍ አድርጉት። ሁለተኛ ነገር ለሁለት ለሦስት ቀን የሚሆን ብቻ ጋግሩ እንጂ እንደ ጤፍ የሳምንት አታድርጉት። የደረቀውን ደግሞ አትጣሉት፣ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ድርቆሽ አድርጉት፣ ፍርፍር ይሆናል።

ሩዝ ስትገዙ ለወፍጮ ከሆነ ሙሉ ፍሬውን ምን ያደርግላችኋል? የተሰባበረውን ጠይቁ፣ ዋጋው ያንሳል፣ መፈጨቱ ላይቀር። ብቻ በደንብ አበጥሩት፣ ጠጠር ይበዛዋል።

ዳጉሳ እንግዳ ፊት ማቅረብ ያሳፍራል፣ ልጆችም የድሃ እንጀራ ይሉታል፣ ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያሳዝነኛል። ዳጉሳ ካልሲየም ውስጥ ከእህል ሁሉ የሚስተካከለው የለም፣ 100 ግራሙ ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ አለው፣ ሩዝና በቆሎ አጠገቡ አይደርሱም። ወተት መግዛት ላቃተው ቤት፣ አጥንቷ እያደገ ላለች ልጅ፣ ለምታጠባ እናት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ገበሬው አያታችን ዳጉሳ በልቶ ነው ሲያርስ የኖረው።

ልጆቹ ቀለሙን ካልወደዱት በአንዴ አትቀይሩባቸው፣ መጀመሪያ ሩቡን አድርጉ፣ ከወር በኋላ ከፍ አድርጉት። ገንፎውንና ቂጣውን ደግሞ ቶሎ ይለምዱታል፣ በተለይ ቂጣው ትኩስ እያለ።

እህል መቼ ልግዛ? በኪሎ ወይስ በኩንታል?

መኸር ሲገባ። በቆሎና ሩዝ ከህዳር ጀምሮ፣ ጤፍና ዳጉሳ ታህሳስና ጥር፣ ሽምብራና ጓያ ደግሞ ከጥር ወደ የካቲት ገበያ ይሞላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ገበሬውም ራሱ ሸማች የሚሆንበት ጊዜ ነው፣ ያኔ የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ ውድ ይገዛል። መራዊ አካባቢ ቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት ያጠጣል፣ ስለዚህ በበጋ የተዘራው በቆሎና ስንዴ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ይገባል፣ ያቺን ጊዜም ጠብቋት።

ኩንታል የመግዛት አቅም የለኝም ለሚል፣ ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ አንድ ኩንታል ግዙና ተካፈሉት። ለበዓል ቅርጫ የምንገባ ሰዎች እህል ላይ ለምን እንደማናደርገው አይገባኝም፣ ዕቁቡንም ለእህል ማድረግ ይቻላል፣ ታህሳስ ላይ እንዲወጣ። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ አንድ ነጋዴ ጋ አትቁሙ፣ የሸማቾች ሱቅና የእሁድ ገበያም ጠይቁ፣ አንዳንዴ ልዩነቱ የወፍጮውን ይችላል።

ማስቀመጫው ላይ ግን ጥንቃቄ። እህሉ ጥርስ ሲነክሰው ቀጭ የሚል ደረቅ ይሁን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ እንጨት ላይ ይቀመጥ። ሦስት ድርብ የሆነው አየር የማያስገባው ከረጢት ከተገኘ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍጹም በፍጹም እንዳታደርጉ፣ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ በተለይ አንድ ክፍል ተከራይቶ እህሉንም ልጆቹንም አንድ ላይ የሚያሳድር ሰው ይሄን ይስማ።

ሽሮ ራሱ ተወደደ፣ እንዴት ነው በርካሽ የሚዘጋጀው?

የተፈጨ ሽሮ በኪሎ ከመግዛት እህሉን ገዝቶ ማስፈጨት። ጉልበት ይጠይቃል አውቃለሁ፣ መልቀም፣ ማመስ፣ መከካት፣ ማስጣት፣ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ሽምብራ ለጣዕም ለመወፈሩም ጥሩ ነው፣ አተር ውድ ነው፣ ባቄላ መሃል ላይ ነው። እኔ ሽምብራና ባቄላ ግማሽ በግማሽ አድርጌ አተሩን ትንሽ ለጣዕም ነው የማስገባው። ቅመሙ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮሰረት ካለ በርበሬው ቢቀንስም አይታወቅም።

በእንጀራ ሽሮ መብላት እንዲሁ የመጣ ልማድ አይደለም፣ የእህሉ ፕሮቲን ውስጥ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል፣ የጥራጥሬውንም እህሉ። ለዚህ ነው በቆሎ ቂጣ በሻይ ብቻ የሚበላ ልጅ ከሲታ የሚሆነው፣ ያው ቂጣ በሽሮ ወይ በባቄላ ንፍሮ ሲበላ ሌላ ነው። ምስር ወጥ ካማራችሁ ምስሩን ድንች ጨምሩበት፣ ድንች ሲረክስ በተለይ።

ግብጦ ይበላል ወይ? መራራ ነው፣ ይመርዛል ይላሉ።

ይበላል፣ በደንብም ይበላል፣ ግን ሥራውን ጨርሶ ነው። ግብጦ የደከመ መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ የሚበቅል ነው፣ ጎጃምና አዊ ዞን ሞልቷል፣ ፕሮቲኑ ከሽምብራ ይበልጣል፣ ከክብደቱ ሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው። ዋጋው ከአተርና ከባቄላ ሲተያይ ዝቅ ያለው መራራነቱ ስለሚያስቸግር ነው።

መራራው ነገር መርዝ ነው፣ ስለዚህ ታምሶ ወይም ተቀቅሎ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ገጠር ወንዝ ዳር ያለ ሰው በከረጢት አድርጎ ወራጅ ውሃ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ከተማ ያለ ሰው በባልዲ አድርጎ ጠዋትና ማታ ውሃውን እየቀየረ እስከ ሳምንት ያቆየዋል። መለኪያው ቀኑ ሳይሆን ምላሳችሁ ነው፣ አንድ ፍሬ አኝካችሁ ምሬቱ ጨርሶ ካልጠፋ ገና ነው ማለት ነው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ለከብትም ለዶሮም አትስጡ። መራራ እያለ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ያዞረዋል፣ አይኑ ብዥ ይልበታል፣ ህፃናት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከጠፋለት በኋላ በሚጥሚጣ ተሻሽቶ የሚበላ፣ ደርቆ ተፈጭቶም ሽሮ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ጣና አጠገባችን እያለ ዓሣ ለምን አንበላም? የትኛው ነው የሚረክሰው?

ቆሮሶ ሁሉም ስለሚፈልገው፣ ሆቴሉም ስለሚወስደው ውድ ነው። አምባዛ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሰዎችም አሉ፣ የሚበላ ቤት ግን ሥጋው ብዙ አጥንቱ ትንሽ ነው፣ ለልጅ ምቹ ነው። ነጭ ዓሣው እሾሁ ይበዛል እንጂ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ በደንብ ሲጠበስ ትንንሹ እሾህ ይሰባበራል። ሥጋው ተነስቶለት የቀረውን ጭንቅላትና አጥንት ጠይቁ፣ ሾርባ ይሆናል፣ ድንችና ቃሪያ ገብቶበት አንድ ቤተሰብ ያጠግባል። ጀልባና ታንኳ በሚገባበት ሰዓት ጠዋት ሄዶ መግዛት ከሱቅ ይሻላል፣ አይኑ ያልደፈረሰ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ምረጡ።

ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል አባይ ይወጣል፣ ያኔ ወንዞቹ ጣና በሚገቡበት አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ በገፍ ይያዛል። እባካችሁ በዚያ ወቅት በእንቁላል የተሞላውን አትግዙ። ገዢ ካጣ አጥማጁም ይተወዋል፣ ካልሆነ ልጆቻችን የሚበሉት አይኖርም።

በጾም ይበላል አይበላም ለሚለው የሚበላም የማይበላም ቤት አለ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የማይበላ ሰው ጥራጥሬውን ካበዛ አይጎዳም።

ዘይት አልቻልንም፣ ያለ ዘይት ወጥ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ቅባት ጨርሶ ማጥፋት ጥሩ አይደለም፣ ልጅ በተለይ ቅባት ያስፈልገዋል፣ የጎመኑና የዱባው ቫይታሚን ኤ ደግሞ ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። መላው ቅባቱን ከፍሬው መውሰድ ነው፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ። ኑግ ታምሶ ተወቅጦ በውሃ ተጠልሎ በሚጥሚጣና በጨው የሚሠራው ፍትፍት አጥጋቢ ነው፣ የተልባውም እንዲሁ። ሽሮ ላይ አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ኑግ ስትጨምሩበት ዘይት እንዳነሰው አያሳብቅም።

ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ አቁላሉት፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጠብ አድርጉ፣ ያቺው ትንሿ ጎልታ ትወጣለች።

አትክልትስ?

የፎገራ ሽንኩርት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በመኪና ሲገባ ርካሽ ነው፣ ያኔ ደረቅ ደረቁን መርጣችሁ አየር በሚያገኝ ቦታ አስጥታችሁ አስቀምጡ። ዱባ ሳይቆረጥ ወራት ይቆያል። ጎመን ግን ባትገዙት ነው የምመርጠው፣ ባህር ዳር ሙቀቱም ውሃውም አለ፣ ግቢ የሌለው እንኳ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ በር ላይ ቢያቆመው ቅጠል ቅጠሉን እየቀነጠበ ወራት ይበላል። የእቃ እጣቢ ውሃ ሳሙና ከሌለው ይበቃዋል።

ከስድስት ወር በላይ ላለ ህፃን የሱቁን ዱቄት መግዛት አልቻልኩም፣ ምን ልስጠው?

የሱቁን አያስፈልግም። ሦስት እጅ እህል፣ ዳጉሳ ወይ በቆሎ ወይ ሩዝ ወይም ድብልቃቸው፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ ታምሶ የተፈተገ ሽምብራ ወይ ባቄላ፣ አንድ ላይ አልሞ ማስፈጨት። ገንፎው ከማንኪያው ላይ የማይፈስ ወፍራም ይሁን፣ ቀጭን ውሃ መሰል አጥሚት ሆዱን ይሞላል እንጂ አያሳድገውም። ስታበስሉ የተፈጨ ጎመን ወይ ዱባ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ እንቁላል ካለ እንቁላል። የጡት ወተቱ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥል፣ ምግቡ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ሦስት አራት ጊዜ።

ሻይ በዳቦ አትስጡት፣ ሻይ ከምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ያስቀራል፣ ደም ያሳንሰዋል። ሌላው የማየው ጾም ሲገባ እቃው እንዳይነካካ ተብሎ ለህፃኑ እንቁላልና ወተት አብሮ መቅረቱ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጹም አይባልም፣ ለሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡለት፣ ነገሩ አለቀ።

የሻገተ በቆሎ ታጥቦ፣ ወይ ተፈጭቶ በደንብ ቢበስል ችግር አለው?

አለው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ጉበት የሚያጠቃ ነው፣ እሳት አያጠፋውም፣ ማጠብም አይጨርሰውም። በቆሎና ለውዝ ላይ ይብሳል። ከመፈጨቱ በፊት ዘርግታችሁ የጠቆረውን፣ አረንጓዴ የመሰለውን፣ የተጨማደደውን ለቅማችሁ ጣሉ፣ አብዛኛው ከሻገተ ግን ሙሉውን መተው ነው። እህል መጣል እንደሚያም አውቃለሁ፣ በተለይ አሁን። ገበያ ላይ በጣም የረከሰ የበቆሎ ዱቄት ስታገኙ አሽትቱት፣ ሻጋታ ፍሬውን ሲሆን ይታያል፣ ዱቄት ከሆነ በኋላ አይታይም። እህሉን ራሳችሁ አይታችሁ አስፈጩ የምለውም ለዚህ ነው።

ጓያ ርካሽ ነው፣ ደምቢያም ፎገራም ሲበላ ኖሯል፣ እውነት ሰው ይሰብራል?

ይሰብራል። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ ነገር አለ፣ ብዙ ጓያ ለሁለት ለሦስት ወር በተከታታይ ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ይከዳዋል፣ ይገታተራል፣ በምርኩዝ ይቀራል፣ ከሆነ በኋላም የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ደምቢያ ውስጥ በወረርሽኝ መልክ ደርሷል፣ ሁልጊዜም ብቅ የሚለው ሌላው እህል ሲጠፋ ነው፣ ምክንያቱም ጓያ ውሃ የተኛበት መሬትም ድርቅም ችሎ ስለሚበቅል ሁሉም ሲያልቅ እሱ ይቀራል።

ከነጭራሹ አትንኩት አልልም፣ ሌላ የሌለው ሰው ጋ ያ ምክር አይደለም። ግን ከቀኑ ምግብ ሲሶውን እንዳያልፍ፣ በተከታታይ ወራት እንዳይሆን፣ ሁልጊዜ ከእህል ጋር ይሁን። ሌሊቱን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፣ ስትቀቅሉትም የመጀመሪያውን ውሃ ድፉ፣ መርዙ የሚሄደው በውሃው ነው፣ ግን ሁሉም አይሄድም። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከሽሮው ይብሳሉ፣ በሽሮ መልክ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት በእንጀራ ሲበላ ጉዳቱ ያንሳል። ገበያ ላይ ከሌላው በጣም የረከሰ ሽሮ ካገኛችሁ ጓያ ሊኖርበት ስለሚችል ሻጩን ጠይቁት። እግር መክበድ፣ ቁርጭምጭሚት መገታተር፣ ሲሮጡ መውደቅ ከጀመረ በዚያው ቀን ጓያውን አቁሙና ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ በጊዜ የቆመ እዚያው ላይ ሊቆም ይችላል።

ምግቡ ለሁሉም አልበቃ ሲል ማን ይቀንስ?

ብዙ ቤት ሳይነገር የሚቀንሰው የእናትየዋ ነው። አባወራው ይበላል፣ ልጆች ይበላሉ፣ እሷ ድስቱን ጠርጋ ቡና ትጠጣለች። እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች ግን ከእሷ የቀነሰው ከህፃኑ ነው የሚቀነሰው፣ ስለዚህ ለእሷም መጀመሪያ ይነሳላት፣ በሳህን ይነሳላት፣ ከቀረ ትበላለች አይባልም። ከትሪ አንድ ላይ የሚበላ ቤትም ትንሹን ልጅ ለብቻው ሳህን አቅርቡለት፣ ከትልልቆቹ ጋር እኩል አይደርስም። ሊቀነስ የሚገባው በመጀመሪያ ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ ብስኩቱ ነው፣ ከዚያ ጤፉ፣ ጥራጥሬው መጨረሻ ላይ።

ልጅ ከሳ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አትጠብቁ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ ያበጠ ልጅ ደግሞ የወፈረ ሊመስላችሁ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ጋ መለኪያው አለ፣ ህክምናውና በፓኬት የሚሰጠው የለውዝ ምግብም በጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ያን ፓኬት ለሌሎቹ ልጆች አታካፍሉት፣ ለታመመው ልጅ በልኩ የተሰጠ መድኃኒት ነው።